ከመልሱ ግርጌ የተቀመጠችው ድመት

የገዛ ቀኝ እጄን አላምነውም። ይኸው አሁንም ይህን ስጽፍ ዓይኔን አልነቀልኩበትም፤ እንደ ሌባ ነው የምጠብቀው። ያመጣብኝን ጣጣ ስትሰሙ እናንተም አትፈርዱብኝም።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተን፣ ተደርድረን የምንጽፍ ሰዎች አለን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ፊቴ ካለው በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል፣ ያለቅሳል፣ ይራገማል፣ ነገሩን ከአያቱ ሠርግ ይጀምርልኛል። እኔ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጉዳዩን ለቅሜ በእጄ ጽሑፍ ገጽ ተኩል አደርግለታለሁ። ኮምፒውተር ያላቸው ከመንገዱ ማዶ ናቸው፤ ይቅናቸው። ዳኞቹ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ይወዱታል ይባላል። የሚባለውን ደግሞ እኔ ምን አግብቶኝ አስተባብላለሁ?

መደዳችን አንድ ልማድ አለው። አብዛኛው ባለጉዳያችን ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን የጻፈለትን ሰው ካልለየ፣ ነገ «መልስ ስጥ» ሲባል ወደ ማን እንደሚመለስ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ አንዲት ትንሽ ሥዕል እናኖራለን። ከጎኔ የሚቀመጡት ሽማግሌ መቀስ ይሥላሉ፤ እሳቸውም ጋሼ መቀስ ሆነው ቀሩ። የእኔ ድመት ናት። አንድ ክብ፣ ሁለት ጆሮ፣ ወደ ላይ የተቀለበሰ ጅራት፤ እስክሪብቶው ከወረቀቱ ሳይነሳ ታልቃለች። ሰዉም «ባለ ድመቷ ጋ ሂድ» ይባባላል።

ታዲያ ድመቷን የምሥላት እኔ አይደለሁም፤ ይህን ተረዱልኝ። እጄ ነው። የመጨረሻውን አራት ነጥብ እንዳስቀመጠ ሳይጠይቀኝ ወረድ ይልና ድመቷን ቁጭ ያደርጋታል። እኔ ያኔ ዓይኔ የሚቀጥለው ባለጉዳይ ላይ ነው።

የሕግ ትምህርት ቤት ልግባ ያልኩት አብጄ አይደለም፤ ምንም እንኳ ባለቤቴ ለጊዜው እንደዚያ ቢመስለውም። እኔ የጻፍኩት ቃል ችሎት ይገባል፣ እኔ ግን አልገባም። አንድ ቀን ከሥራ የተባረረ አንድ ጥበቃ ማመልከቻዬን ይዞ ገባ። ዳኛው አንዱን ዓረፍተ ነገር አንብበው «እዚህ ላይ ምን ማለትህ ነው?» ቢሉት አፉ ተሳሰረ። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነዋ፣ እሱ ምን ያውቃል! ተረትቶ ወጣና ጃንጥላዬ ሥር ቆሞ፣ ምንም ሳይቆጣ፣ «እህቴ፣ ምን ማለትሽ ነበር?» አለኝ። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። ነገርኩት። በሚገባ፣ በደንብ አድርጌ ነገርኩት፤ ግን መንገድ ዳር ነበርን፣ የሚሰማን ዳኛ አልነበረም።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ባለቤቴን «ጠበቃ ልሆን ነው» አልኩት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከሰው ጣሪያ ላይ ወርዶ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ከእራት በፊት ነው ከእራት በኋላ?» አለኝ።

እንዲህ ነው ባለቤቴ። ይቀልድብኛል እንጂ በማግስቱ የማታውን የሕግ ትምህርት መስፈርት ከትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያመጣልኝ እሱ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ዋናው፣ የመግቢያ ፈተና ማለፊያ ውጤት፣ በአካል ቀርቦ መመዝገብ። ማስረጃዬን ከሣጥን ሥር አወጣሁ። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፦ ምንባብ፣ ማመዛዘን፣ ጽሑፍ። ጽሑፍ ሲባል ሳቄ መጣ። በጽሑፍ ነው እኔን የሚፈትኑኝ?

ተፈተንኩ። ምንባቡን እንደ ውኃ ጠጣሁት። በማመዛዘኑ ትንሽ ላብ አላበኝ። ጽሑፉን ግን ቀና ብዬ፣ አዳራሹን እየገረመምኩ ጻፍኩት፤ ሌላው ሰው እስክሪብቶውን ያኝካል፣ እኔ እጄ ይሮጣል።

ውጤቱ ሲለጠፍ በቁጥሬ ትይዩ «ተሰርዟል» ይላል። «ወድቃለች» ቢል እኮ አንገቴን ደፍቼ እመለስ ነበር። ተሰርዟል! ደሜ ፈላ። ወደ ፈተና ክፍሉ ቢሮ ሄጄ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። አንዲት መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሠራተኛ ተቀምጣለች።

«ይግባኝ ለማለት ነው የመጣሁት» አልኳት።

ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ ከፋይል ሳጥን ውስጥ ወረቀቴን አወጣች፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ በጣቷ አሳየችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመልሴ ግርጌ፣ ጅራቷን ቀልብሳ፣ ተደላድላ ተቀምጣለች።

«ድመት ናት» አልኩ።

«ድመት መሆኗንማ አያለሁ። መመሪያውን አላነበቡም? ስም፣ ፊርማ ወይም ማንነትን የሚያሳውቅ ማናቸውም ምልክት ያለበት ወረቀት አይታረምም።»

አንብቤው ነበር። ምልክት ሲል ማኅተም፣ የጣት አሻራ፣ እንዲህ ያለ ነገር መስሎኝ። የሰውን አንቀጽ ሳበጥር የምውለው ሴትዮ የራሴን አንቀጽ ዘልዬው አለፍኩ! ግን እኔ መቼ በቀላሉ እለቃለሁ፤ «ለመሆኑ እዚህ እኔን በድመት የሚያውቀኝ ማን አለ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ከአራሚዎቹ ሁለቱ እዚሁ ከተማችን ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው» አለችኝ። «ወረቀቱን እንዳዩ ስቀው ነው የመለሱት። 'የባለ ድመቷ ነው፣ ልናርመው አንችልም' አሉ።»

ምን ይባላል? ትክክል ናቸው እኮ!

«በሚቀጥለው ዙር ይሞክሩ» አለችኝ፣ ድምጿ ለስለስ ብሎ። «ግን ይጠንቀቁ። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የተሰረዘውም ይቆጠራል።»

ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ዕድል ቀረችኝ፤ እሷም ያለችው በዚህ እጅ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ። ሰው ለፈተና ሲዘጋጅ ያጠናል። እኔ ግን ማጥናቱ ሳያንሰኝ እጄን ድመቷን ማስረሳት ነበረብኝ። ጠዋት ከሥራ በፊት ማመዛዘን እሠራለሁ፤ «ነጋዴው ከሐኪሙ ቀኝ ከተቀመጠ፣ ሐኪሙም ከአስተማሪው ፊት ለፊት ከሆነ» እያለ ሰውን የሚያዞር ነገር። ኧረ በየፈለጉበት ይቀመጡ! ማታ ደግሞ እራት ከተነሳ በኋላ ጽሑፍ እለማመዳለሁ። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ጨረስኩ ስለው ወረቀቱን ይቀበለኝና ግርጌውን ያያል።

«ወልዳለች» ይላል።

በማግስቱም «ወልዳለች»። በሌላው ቀን «ዛሬስ መንታ ነው» አለኝ። አንዷን ሳላውቅ፣ ሁለተኛዋን ደግሞ በመጀመሪያዋ ተናድጄ ሳለሁ ሥያታለሁ። መጀመሪያ እንስቅ ነበር። በኋላ እሱ ሲስቅ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሱም መቀለዱን ትቶ ወረቀቱን ዝም ብሎ ከጠረጴዛው ላይ መልሶ ማስቀመጥ ጀመረ። ያ ደግሞ ከሳቁ ባሰብኝ። ዝም ያለ ባል ስታዩ ነገሩ የምር መሆኑን ታውቃላችሁ።

በሥራ ቦታም ድመቷን ላቁማት ብዬ ወሰንኩ። እጄ ቀን ቀን ካልሣላት ማታም ይተዋታል አልኩ። የመጀመሪያዋን ድመት የለሽ ማመልከቻ ያገኙት አንዲት እናት ናቸው፤ ልጃቸው የሠራላቸውን አጥር ጎረቤት አፍርሶባቸው ሲመላለሱ የኖሩ፣ የቆየ ደንበኛዬ። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ አገላበጡት፣ ዘቀዘቁት፣ አቀኑት።

«ድመቷስ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ድመቷን ትቻታለሁ።»

«እንዴት ትተሻት? እኔ ፊደል አላውቅም፣ እሷን ነው የማውቃት። ወረቀቱ እንዳይዘቀዘቅብኝ የምይዘው በእሷ ነው። እዚያ ውስጥ መዝገብ ቤቱ ሲያመናጭቀኝ እንኳ እሷን እያየሁ ነው የምጽናናው።» ወረቀቱን መልሰው ጭኔ ላይ አኖሩት። «ያለ እሷ አልወስድም። የሌላ ሰው ጽሑፍ ሰጥተሽኝ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?»

አንጀቴን በሉት። ሣልኩላቸው። ጅራቷንም ረዘም አደረግኩላቸው። እሳቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ፤ ቀን ቀን ድመት ሣል፣ ማታ ማታ ድመት አትሣል ተብሎ የሚታዘዝ እጅ የት አለ?

ይህን ሁሉ ጋሼ መቀስ ከጎኔ ሆነው ያያሉ። እሳቸው እንደ እኔ ብዙ አያወሩም። በእኛ መደዳ የከሳሹን ክስ የጻፈ ሰው የተከሳሹን መልስ አይጽፍም፤ ወደ ጎን ጃንጥላ ይልከዋል። እና ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ክሱን ስጽፍ መልሱን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። በጽሑፍ ስንጣላ ኖርን፣ በአፍ ግን ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

«ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «እጅሽ የሚበላሽበት ቦታ የቱ ጋ ነው?»

«መጨረሻዋ ነጥብ ላይ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ነጥቧን እንዳስቀመጥሽ እስክሪብቶውን ወደ ግራ እጅሽ አሳልፊው። ግራሽ ድመት መሣል አይችልም።»

ሳቅኩባቸው። ማታ ግን ሞከርኩት። ነጥብ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ቀኝ እጄ ባዶውን ቀርቶ ጠረጴዛው ላይ ተወራጨ። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ግርጌውን አየ፣ ወደ መብራቱ አስጠግቶ ደግሞ አየ።

«መካን ሆናለች» አለኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም፤ እልል ልንል ምንም አልቀረን።

ፈተናው ደረሰ። ጠዋት ቁርስ አልወርድልህ አለኝ። ባለቤቴ እስከ በሩ ሸኝቶኝ «ወደ ግራ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም።

የጽሑፉ ጥያቄ ስለ አንድ ተከራይ ነበር። አከራዩን ሳያስፈቅድ የሚያፈስ ጣሪያ ጠግኖ ወጪው ከኪራዩ ይቀነስልኝ ይላል። የሁለቱንም ወገን ክርክር ጻፉ፣ ከዚያ ወስኑ ይላል። የተከራዩን ለመጻፍ ምን ችግር አለብኝ፤ በርጩማዬ ላይ የተቀመጠ ያህል ነበር የታየኝ። አከራዩ ጋ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ። እኔ ለአከራዩ ጽፌ አላውቅም፣ እሱን ወደ ጎን ነው የምልከው! ዓይኔን ጨፍኜ ጋሼ መቀስን አሰብኳቸው። «ቤቱ የማን ነው፣ ማንን ጠየቀ፣ ያን ያህል መክፈሉንስ ማን አየ?» ሲሉ ተሰማኝ። በሆዴ ስረግመው የኖርኩት የዚያ ሁሉ መልሳቸው ትርጉም ያኔ ገባኝ። ጻፍኩት። ወሰንኩም።

ከዚያ የመጨረሻዋ ነጥብ መጣች። እጄ ወረድ ሲል አየሁት። በዓይኔ በብረቱ አየሁት፣ ክቧን ሊጀምር ሲያዘነብል! መንትፌ እስክሪብቶውን ወደ ግራ አሳለፍኩት። ቀኝ እጄን በቂጤ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት፤ ወረቀት ሰብሳቢው እስኪመጣ አልተነሳሁም። ሰውየው ሳይገርመው አልቀረም።

ስወጣ መሬቱን አልረገጥኩም። አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ከሁለት ፌርማታ በኋላ አንድ ነገር ጀርባዬን በቀዝቃዛ ውኃ ያጠበኝ መሰለኝ። መሞከሪያው ወረቀት! ከመልሱ ወረቀት ጋር ለማሰቢያ የሰጡን፣ እሱም አብሮ የተሰበሰበው። ስለ አከራዩ ስጨነቅ እጄ እዚያ ላይ ምን ሲያደርግ ነበር? እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበራ!

ላስታውስ ብል፣ ላስታውስ ብል አልመጣልህ አለኝ። አንዳንዴ ጆሮዋ ይታየኛል፣ አንዳንዴ ባዶ ወረቀት። ቤት እንደገባሁ መመሪያውን አወጣሁ። «በማናቸውም የፈተና ወረቀት ላይ» ይላል። ማናቸውም! ይህን ቃል ማን ፈጠረው?

በማግስቱ ጋሼ መቀስን ሙግት ገጠምኳቸው። «መሞከሪያ ወረቀት የፈተና ወረቀት አይደለም» አልኳቸው። «የፈተና ወረቀት ማለት መልስ የሚሰጥበትና የሚታረም ነው። መሞከሪያው አይታረምም፤ የማይታረም ነገር ደግሞ አድልዎ አያመጣም።»

እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ቁጥርሽን ጻፊበት ብለውሻል?»

«ብለውኛል።»

«ከመልሱ ጋር ሰብስበውታል?»

«ሰብስበውታል።»

«እንግዲያው የፈተና ወረቀት ነው» አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሲያቀር ሲያዩ ደነገጡ። «የጠየቅሽኝ መስሎኝ እኮ ነው፣ ልጄ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ተይው፣ የእኔን አትስሚ።»

እንዴት ብዬ ልተወው! ውጤት እስኪወጣ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ማመልከቻ ስጽፍ የከሳሹን ስም በተከሳሹ ቦታ መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ራስሽን በላሽው እኮ፣ አንቺዬ» ይለኛል፤ እኔ እሱን «ሣልኳት ወይስ አልሣልኳትም?» እለዋለሁ፤ እሱ ከየት ያውቃል? ያ ጥበቃ ደግሞ በሐሳቤ እየመጣ ጃንጥላዬ ሥር ይቆማል። ከዚህ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ልቀር ነው እያልኩ ብቻዬን አለቅስ ነበር።

ውጤቱ ሲለጠፍ ባለቤቴ አብሮኝ መጣ። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ጀርባዬን ለሰሌዳው ሰጥቼ ቆምኩ። ቁጥሬን ይዞ በሰው መሀል ገባ። ቆየ። በጣም ቆየ። ሲመለስ ክንዱን ያዝኩት።

«ምን ይላል? ተሰርዟል ይላል?»

«አልፈሻል» አለኝ። «ሦስት ጊዜ አየሁት። ሰውም አስነበብኩ።»

አዎ፣ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ይየን።

ምዝገባው በማግስቱ ነበር። ማስረጃዬን ይዤ ሄድኩ። የምዝገባ መስኮቱ ውስጥ ያቺው መነጽራሟ ሴትዮ ተቀምጣለች። አወቀችኝ።

«መጡ!» አለችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኳት፤ መጠየቅ አልነበረብኝም፣ ግን ባልጠይቅ አብድ ነበር። «መሞከሪያ ወረቀቱ ላይ... አንዳች ነገር ነበረበት?»

«መሞከሪያውን? እሱን ማን ያየዋል! እንደተሰበሰበ ይጣላል እኮ።»

ያ ሁሉ ያጣሁት እንቅልፍ! ቅጹን ሰጠችኝ፤ ቆሜ ሞላሁት። ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ ዓይነት፣ «ከላይ የሞላሁት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ»። ነጥቧ ጋ ስደርስ እስክሪብቶውን ወደ ግራ አሳልፌ ቅጹን በመስኮቱ አቀበልኳት። አየችውና መለሰችልኝ።

«ፊርማ የለውም።»

ወረቀቱን አየሁት። መስመሩ ባዶውን ተዘርግቷል። እስክሪብቶውን ወደ ቀኝ እጄ መለስኩ፤ እጄ ግን በጄ አላለኝም። ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ያን ያህል ገርፌው፣ ያን ያህል አስፈራርቼው፣ አሁን ቢሉት ቢሠሩት ገጽ ግርጌ አልደርስም አለ። ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ ያጉረመርማል።

«ይፈርሙ እንጂ፣ እመቤት» አለችኝ ቀስ ብላ። «አሁን ይቻላል።»

ፈረምኩ። እጄ ፊርማውን ሲጨርስ እፎይ አለ መሰለኝ፤ አንዴ ከተፈቀደለት ማን ይያዘው፣ ወረድ አለና ክቧን፣ ጆሮዎቿን፣ ጅራቷን አስቀምጦ አረፈ። እስክነቃ አልቃለች።

«ወይኔ!» ብዬ ወረቀቱን ሸፈንኩት። «አበላሸሁት፣ በእናትዎ ሌላ ቅጽ ይስጡኝ፣ በስህተት ነው፣ እጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም...»

እጄን ከላዩ ቀስ አድርጋ አነሳችው። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ድመቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይሄ የፈተና ወረቀት አይደለም» አለችኝ። «የምዝገባ ቅጽ ነው። የሚሞላው ማን እንደሆኑ እንዲታወቅ ነው።»

ማኅተሙን ከድመቷ ጎን፣ እንዳይነካት ተጠንቅቃ መታችና ቅጹን ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በትከሻዬ አሻግራ ወደ ሰልፉ አይታ «ቀጣይ» አለች።